ኤፍ-5 ይዞ ኤፍ-16ን መግጠም፦ የአሮጌ ጄት ውጊያ በሲሙሌተር ውስጥ

ፒያሳም ይሁን አራት ኪሎ፣ የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል የኮምፒውተር ጨዋታ) የሚጫወቱ ሰዎች ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ አንድ ክርክር አይቀርም። አንዱ «በኦጋዴን ጦርነት የእኛ ኤፍ-5ዎች ሚጎቹን ልክ አስገብተዋቸው የለ? ዋናው አብራሪው ነው» ይላል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ ኤፍ-16 ገና ሳታየው ከ40 ኪሎ ሜትር ይጥልሃል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል።

እዚህ የምናብራራው በተለይ ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው ሲሙሌተር ውስጥ የሚሆነውን ነው። አሮጌዎቹ ተዋጊ ጄቶች ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21ቢስ እዚያ ውስጥ እስከ ትንሿ ማብሪያ ማጥፊያ ድረስ ተሠርተዋል፤ ዘመናዊዎቹ ኤፍ-16ሲ እና ኤፍ/ኤ-18ሲም እንዲሁ። ስለዚህ የሁለት ዘመን ጄቶችን በአንድ ሰማይ ላይ ማጋጠም ይቻላል።

«አሮጌ» ሲባል ምኑ ነው ያረጀው?

ፍጥነቱ አይደለም። ሚግ-21 ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ይበርራል፣ ኤፍ-16ም እዚያው ገደማ ነው። ልዩነቱ ያለው በማየት፣ ከሩቅ በመምታትና ማን እያየህ እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው።

ከማየት እንጀምር። የኤፍ-5ኢ ራዳር የላከው ሞገድ ነጥሮ ሲመለስ የመለሰለትን ሁሉ ያሳያል። ወደ ሰማይ ሲያይ ችግር የለም። ወደ ታች ሲያይ ግን መሬቱም ተራራውም ሞገድ ስለሚመልስ ስክሪኑ በሙሉ ይጨቀያል፤ ዝቅ ብሎ የሚበርር ጠላት እዚያ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ዘመናዊው ራዳር ይህን የፈታው በፍጥነት በማጣራት ነው። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል አምቡላንስ ሲመጣ አስቡት። ወደ እናንተ ሲቀርብ የሳይረኑ ድምፅ ይቀጥናል፣ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። ዘመናዊ ራዳርም በተመለሰለት ሞገድ ላይ ይህንኑ ለውጥ ይለካል፤ ከመሬቱ በተለየ ፍጥነት የሚቀርበውን ወይም የሚርቀውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥለዋል። አምቡላንሱ ልክ ፊት ለፊታችሁ ሲያልፍ ግን ድምፁ የቀጠነም የወፈረም አይደለም። ያቺን ቅጽበት ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሁለተኛው ሚሳይል ነው። የኤፍ-5 ሚሳይል ኤይም-9 ሙቀት ተከታይ ነው። ቀደምት ዓይነቶቹ የሞተሩን ሙቀት ከጠላት ጀርባ ሆነው ማየት ይፈልጋሉ፤ በሲሙሌተሩ ውስጥ ፊት ለፊትም የሚይዘው ኤይም-9ፒ5 ነው። በራዳር የሚመሩት የቀድሞ ሚሳይሎች ደግሞ በጨለማ ሌባ እንደሚያሳድዱ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ አንዱ ባትሪ ያበራል፣ ሌላው ወደበራበት ይሮጣል። ባትሪ ያዡ ፊቱን ካዞረ ሯጩ ይጠፋበታል። የኤፍ-16 ሚሳይል ኤይም-120 ግን የራሱን ባትሪ የያዘ ሯጭ ነው። መንገዱን እስኪያጋምስ የጄቱ ራዳር ይመራዋል፣ ሲቃረብ የራሱን ራዳር ያበራል፤ የተኮሰው አብራሪ ከዚያ በኋላ ዞሮ ቢሄድም ግድ የለውም።

ሦስተኛው የራዳር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ራዳር ሲያርፍባችሁ የሚጮኸው መሣሪያ። የሚግ-21ቢሱ አራት መብራት ብቻ አለው፦ ከፊት በቀኝ፣ ከፊት በግራ፣ ከኋላ በቀኝ፣ ከኋላ በግራ። እንደ ጎረቤት ውሻ ነው። ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይናገራል፣ ሌባ ይሁን እንግዳ ግን አይናገርም። የኤፍ-5ኢው የተሻለ ነው፤ የራዳሩን ዓይነት በምልክት ያሳያል። ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ሲመጣ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም የሚሰሙት ራዳር የለም።

ታዲያ የኦጋዴኑስ?

ክርክሩ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ክረምት ከሶማሊያ ሚግ-21ዎች ጋር የገጠመው ኤፍ-5ኢ አሮጌ ጄት አልነበረም። የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ነው፤ የሚግ-21 ትውልድ ግን ከ1950ዎቹ ይጀምራል። ከዕድሜውም በላይ ሁለቱ ወገኖች ሊመታቱ የሚችሉት በዓይን በሚተያዩበት ርቀት ውስጥ ብቻ ነበር። በዚህ ርቀት ላይ የአብራሪው ሥልጠናና ከመሬት ራዳር የሚያገኘው ምሪት ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይልም በሁለቱ በልጦ ተገኝቷል። ከዚያ ድል የሚወሰደው ትምህርት «ኤፍ-5 ማንንም ይጥላል» አይደለም። ኤፍ-5 ውጊያው ቅርብ ከሆነለት አደገኛ ነው፤ ትምህርቱ ይኼው ነው። እንግዲህ ጥያቄው ኤፍ-16ን በምን ዘዴ ወደ ቅርቡ እናምጣው የሚለው ይሆናል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ኤፍ-5 እና ኤፍ-16 ፊት ለፊት እየመጡ ነው፣ እያንዳንዳቸው በሰከንድ 300 ሜትር። ርቀታቸው በየሰከንዱ በ600 ሜትር ይጠብባል። ኤፍ-16 በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ተኮሰ እንበል፤ ኤፍ-5 ጠላቱን በዓይን ለመያዝ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት እንበል። መሀል ያለው 36 ኪሎ ሜትር በትክክል 60 ሰከንድ ይፈጃል። ሚሳይሉ በአማካይ በሰከንድ 900 ሜትር ቢጓዝ ደግሞ ወደ እናንተ ለመድረስ 33 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አሮጌው ጄት ጠላቱን ሳያይ በሕይወት ማለፍ ያለበት ደቂቃ ይቺ ናት፤ በመካከሏም አንድ፣ ምናልባትም ሁለት ሚሳይል አለ።

ለማምለጥ ዘወር ማለት ያስፈልጋል፣ ዘወር ማለት ግን ደቂቃዋን ያረዝማታል። 20 ሰከንድ ወደ ጎን ብትበርሩ የሚጠበው ርቀት 12 ሳይሆን 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ 60 ሰከንዱ 70 ይሆናል። ጭራሽ ዞራችሁ ከሸሻችሁ ሚሳይሉን ታመልጡ ይሆናል፣ ውጊያው ግን እንደ አዲስ ከሩቅ ይጀምራል፤ ከሩቅ ደግሞ ሜዳው የእሱ ነው። ስለዚህ የአሮጌ ጄት አብራሪ ማምለጫውን የሚመርጠው ርቀት በመቆጠብ ጭምር ነው።

ሚሳይሉ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ የሚሳይልን ባሕርይ እንወቅ። ሞተሩ የሚነድደው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ እንደተወረወረ ድንጋይ ባለው ጉልበት ይንሸራተታል፤ በታጠፈ ቁጥር ከጉልበቱ ይቀነስበታል። የአየሩ መሳሳትና መወፈርም ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ኳስ ሲመታ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ አብልጦ እንደሚበርር ኳስ ተመልካች ሁሉ ያውቃል፤ በከተማችን ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በ10 ሺህ ሜትር ላይ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ኤፍ-16 ከዚያ ላይ ተኩሶ ከፍ ብላችሁ ከመጣችሁ ሚሳይሉ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይደርሳል። መሬት ለመሬት ከመጣችሁ ግን የመጨረሻውን መንገድ በወፍራም አየር ውስጥ ለመጓዝ ይገደዳል፣ ጉልበቱም ቶሎ ያልቃል። ጀማሪዎች ኤፍ-5 ይዘው 8 ሺህ ሜትር ላይ ሲጠብቁ የሚሞቱት ለዚህ ነው።

ዝቅ ማለት ሌላም ነገር ይሰጣል፣ ተራራ። በሲሙሌተሩ የካውካሰስ ካርታ ላይ በሸለቆ ውስጥ የሚበርር ኤፍ-5ን ተራራ እስከጋረደው ድረስ የትኛውም ራዳር አያየውም። ሞገድ ተራራ አይበሳም፤ ይህ የ1960ዎቹም የዛሬውም ሕግ ነው።

አሁን ወደ አምቡላንሷ ቅጽበት እንመለስ። ጠላታችሁን ልክ በቀኝ ወይም በግራ ክንፋችሁ አቅጣጫ ካደረጋችሁት፣ ወደ እሱ የምትቀርቡበት ፍጥነት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል። የዘመናዊው ራዳር ማጣሪያ መሬት መስሎት ይጥላችኋል። ተጫዋቾች ይህን ኖች ይሉታል። በሚሳይሉ አፍንጫ ላይ ያለው ራዳርም በዚሁ ይታለላል። የሚከሽፈው ግን በሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ነው። አንደኛው፣ ጠላት ከላይ ሆኖ ወደ ታች እያየ ካልሆነ ከኋላችሁ መሬት የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው፤ የሚደባለቃችሁ ነገር ስለሌለ ኖቹ ብዙም አይሠራም። ሁለተኛው፣ ማዕዘኑ ጠባብ ነው። ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበላችሁ ፍጥነታችሁ ከማጣሪያው ወጥቶ መልሳችሁ ትታያላችሁ። በማስጠንቀቂያው ክብ ላይ ምልክቱን ልክ 3 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ላይ አስቀምጦ መያዝ፣ ቻፍ የሚባለውን የብረት ብናኝ በየሁለት ሰከንዱ አንዳንድ መልቀቅና አፍንጫን ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል ያስፈልጋል። ሁሉንም ቻፍ በአንዴ ማርገፍ ለሁለተኛው ሚሳይል ባዶ እጅ ያስቀራል።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፤ ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ መጠበቅ። ኤፍ-16 ብዙ ዒላማዎችን በአንድ ጊዜ እየቃኘ መተኮስ ስለሚችል፣ ሚሳይሉ ከክንፉ ሲለቀቅ የእናንተ መሣሪያ የሚሰማው ተራ ቅኝት ብቻ ነው። የሚጮኸው ሚሳይሉ የራሱን ራዳር ሲያበራ ነው፤ ያኔ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ኖች የሚጀመረው ርቀት ተገምቶ እንጂ ጩኸት ተሰምቶ አይደለም። ርቀቱን የሚነግራችሁ ደግሞ የገዛ ራዳራችሁ አይሁን። ራዳር ማብራት በጨለማ ባትሪ እንደማብራት ነው፣ ከምታዩት በፊት ትታያላችሁ። የኤፍ-5ን ራዳር በተጠንቀቅ ላይ ትቶ ከመሬት ተቆጣጣሪ ወይም ከጓደኛ በድምፅ መረጃ መቀበል ይሻላል።

ቀርቤ ከደረስኩ አሸነፍኩ ማለት ነው?

የለም። ይህ ከሁሉ የከፋው የተሳሳተ እምነት ነው። የዛሬው ኤፍ-16 እና ኤፍ/ኤ-18 አብራሪ በራስ ቁሩ ላይ ያለው መነጽር ወደሚያይበት ሁሉ ኤይም-9ኤክስ የተባለውን አዲሱን ሙቀት ተከታይ ሚሳይል መተኮስ ይችላል፤ አፍንጫውን ማዞር እንኳ አያስፈልገውም። ይህን ከያዘ ጠላት ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ መተላለፍ ባብዛኛው ሽንፈት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ሳይታዩ መድረስ ነው፦ ከታች፣ ከጎን፣ እሱ ሌላ ሲያሳድድ። ኤፍ-5 ለዚህ ተፈጥሯል። የክንፉ ስፋት 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ጭሱም ትንሽ ነው፤ ከፊት ሲመጣ በስክሪን ላይ ነጥብ መሆኑ እንኳ ያጠራጥራል።

ጠላት የራስ ቁር መነጽር ከሌለው፣ ወይም ሚሳይሉን ከጨረሰ፣ ክብ ውጊያ ይጀመራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ክብ አለ። ሁለታችሁም ከተላለፋችሁ በኋላ በየፊናችሁ ሰፊ ክብ ከዞራችሁ፣ ክቡን ቶሎ የጨረሰ ያሸንፋል፤ እሱም ኤፍ-16 ነው። የኤፍ-5 ሁለት ሞተሮች በአንድ ላይ 4.5 ቶን ገደማ ግፊት አላቸው፣ የኤፍ-16 አንዷ ሞተር 13 ቶን ገደማ ትሰጣለች። የኤፍ-5 ክብደት ግማሽ ቢሆንም ሒሳቡ አይካካስም። ወደ አንድ አቅጣጫ ተጣጥፋችሁ አፍንጫ ለአፍንጫ ከሄዳችሁ ግን የሚያሸንፈው ክቡ የጠበበለት ነው። በድሮው ዶሮ ማነቂያ ሰማያዊ ላዳ የሚዞርበት ቦታ ላይ ትልቁ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይቸገር ነበር፤ ፈጣን መሆኑ እዚያ ምንም አያደርግለትም። በ5 ጂ (ከስበት አምስት እጥፍ በሚጫን ኃይል) ሲታጠፍ በሰከንድ 200 ሜትር የሚበርር ጄት የክቡ ሬዲየስ 830 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 300 ሜትር ከሆነ ወደ 1,870 ሜትር ይሰፋል። የኤፍ-5 ዕድል ጠላት በፍጥነት ተሞልቶ ሲመጣ ክቡን አጥብቦ ውስጥ ውስጡን መቅደም ነው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ካልመታችሁት ፍጥነታችሁን ስለጨረሳችሁ እሱ ወደ ላይ ይወጣና እንደ ጭልፊት ይመለሳል።

ለዚያ አንድ ዙር የኤፍ-5 ፍላፕ (በክንፉ ጠርዝ ያለው ታጣፊ ክፍል) ዝግጁ መሆን አለበት። በስሮትሉ (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያው) ላይ ባለው የአውራ ጣት ማብሪያ ወደ አውቶ ይደረጋል፤ በጎኑ ያለው ትልቁ የፍላፕ ማንሻ ደግሞ ለአውራ ጣቱ ማብሪያ በሚታዘዝበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ይህን ረስተው «ኤፍ-5 አይታጠፍም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የተጨማሪ ነዳጅ ታንክ ከውጊያ በፊት ይጣላል። የጄቱ ወሰን 7.33 ጂ ነው፤ ታንክ ይዞ በድንጋጤ የመሪ ዱላውን መጎተት ክንፍ ያስረግፋል። ሁለቱ መድፎች በያንዳንዳቸው 280 ጥይት አላቸው፣ በተከታታይ ቢተኮስ 11 ሰከንድ ገደማ ነው። ከ500 ሜትር ውስጥ፣ ግማሽ ግማሽ ሰከንድ። ነዳጅም መርሳት የለም፤ ዝቅ ብሎ ሙሉ አፍተርበርነር (ነዳጅ ጨምሮ ተጨማሪ ግፊት የሚሰጠውን የሞተር ክፍል) የከፈተ ኤፍ-5 የውስጥ ነዳጁን ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል።

ሚግ-21ቢስ የሚመርጡ ሰዎች ሌላ ባሕርይ ይጠብቃቸዋል። ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፉ የመጀመሪያውን ዙር በኃይል ያዞረዋል፣ ወዲያው ግን ፍጥነቱን ይበላዋል። ከ4 ሺህ ሜትር በታች ለሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ተጨማሪ አፍተርበርነር አለው፤ ይህ ለመዞር ሳይሆን ቀጥ ብሎ ለማምለጥ ይጠቅማል። መድፉ 200 ጥይት ነው፣ አራት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ቁጥር ይረዳል?

በጣም። ይህን ሲሙሌተር አይደለም ያገኘው። ኦጋዴን ላይ ጦርነቱ በተጀመረበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1977 አሜሪካኖች በኔቫዳ በረሃ ትልቅ ሙከራ አካሂደው ነበር። ያኔ አዲስ የነበሩትን ኤፍ-14 እና ኤፍ-15 ከኤፍ-5ኢ ጋር ደጋግመው አጋጠሙ። አንድ ለአንድ ሲሆን ትልልቆቹ በግልጽ በልጠዋል። በየወገኑ ያለው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ግን ብልጫው ጠበበ። ባትሪ የሚያበራው ኤፍ-15 ሚሳይሉ እስኪደርስ ፊቱን ወደ ዒላማው ማድረግ ነበረበት፤ በዚያ መሀል ኤፍ-5ው ይደርስና የራሱን ሙቀት ተከታይ ይለቃል፣ ሁለቱም ይሞታሉ። የራሱን ባትሪ የሚይዝ ሚሳይል አስፈላጊነት ከጎላባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሙከራ ነው፤ ውጤቱም ኤይም-120 ሆነ።

በሲሙሌተር ሁለት ኤፍ-5 ካላችሁ አንዱ ራዳሩን አብርቶ ከሩቅ ይታያል፣ ሲተኮስበት ኖች ያደርጋል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሁለተኛው ራዳሩን ዘግቶ በሸለቆ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር በጎን ተለይቶ ይሄዳል። ዘመናዊው አብራሪ ዓይኑ በስክሪኑ ላይ ባለው ላይ ይተከላል። የሚመታው ሁለተኛው ነው። ይህ እንዲሠራ ማታለያው አብራሪ ስግብግብ መሆን የለበትም፤ «ልምታው» ብሎ የተንደረደረ ማታለያ ሬሳ ነው።

ሲሙሌተሩ የማያሳየውስ?

7 ጂ ላይ አንገት አያምም፣ የሞተ ሰው ተመልሶ ይነሣል፣ ስለዚህ ሰው በእውነት የማያደርገውን ያደርጋል። ጠላትን በዓይን ማግኘት በስክሪኑ ጥራትና መጠን ይወሰናል። የሚሳይሎቹ ባሕርይም ሠሪዎቹ በየማሻሻያው የሚያስተካክሉት ነገር ነው፤ አምና የሠራ ማምለጫ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ሆኖ በምን ይጀመራል?

መሠረቱ ነፃ ነው፤ ከካውካሰስ ካርታና ሱ-25ቲ ከተባለው ጄት ጋር ይመጣል። ኤፍ-5ኢ እና ሚግ-21ቢስ ይከፈልባቸዋል፣ ሆኖም ለ14 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል። ፋይሉ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በሞባይል ዳታ አይታሰብም፤ አውርዶ የጨረሰ ጓደኛ ፈልጎ በውጭ ዲስክ መገልበጥ ይቀልላል። ኤስኤስዲ ግዴታ ነው፣ ራም 32 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። ስሮትል ያለው ጆይስቲክ ከምርጥ ግራፊክስ ካርድ ይቀድማል። ጭንቅላት መከታተያ ውድ ከሆነ ኦፕንትራክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በተራ ዌብካም ይሠራል፤ ዞሮ ማየት የማይችል የኤፍ-5 አብራሪ ደግሞ ዕውር ነው። ዩፒኤስም ይኑር፤ በውጊያው መሀል መብራት ከሄደ ኤፍ-16ም አያድንም።

ሩቅ አገር ካሉ ሰርቨሮች ጋር መስመሩ ሲዘገይ የጠላት ጄት በስክሪን ላይ ስለሚዘልል፣ ልምምዱን ያለ ኢንተርኔት መጀመር ይሻላል። በሚሽን ኤዲተሩ (የውጊያ ሁኔታ በሚዘጋጅበት የሲሙሌተሩ ክፍል) ላይ አንድ ኤፍ-16ሲ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ። ሁለት ኤይም-120 ብቻ ስጡት፣ ሌላ ምንም። ለራሳችሁ ደግሞ ሚሳይል እንኳ አትጫኑ። ግቡ መግደል አይደለም፤ ሁለቱን ሚሳይል አስጨርሶ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ በሕይወት መቅረብ ነው። ይህ ከአምስት ሙከራ በሦስቱ ከተሳካላችሁ በኋላ ኤይም-9 ጫኑ። ከያንዳንዱ ሙከራ በኋላ የበረራውን ቅጂ ታክቪው በተባለው መተንተኛ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሚሳይሉ ከክንፉ ሲለቀቅ ርቀታችሁ ስንት ነበር፣ ኖች ስትጀምሩ ስንት ነበር፣ ሚሳይሉ ሲያልፋችሁ ፍጥነቱ ስንት ቀርቶት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች በአንደኛውና በሁለተኛው ቁጥር መካከል ሰፊ ክፍተት ታገኛላችሁ፤ ጩኸቱን ስትጠብቁ የባከነው ርቀት እሱ ነው።